በዘሊካ ክንድ የተለካ ግፊት

ማማ ኑሪያ ላስቲክ ልትጎትት? ሞታ ነው! ሰባን ያለፈች፣ ወልዳ የዳረች፣ ዐረብ አገር ቁርጡባ ሰፈር በደጇ ያለፈ ሾፌር ሁሉ መኪናውን የት እንደሚያቆም እሷ የምትነግረው ሴት ናት። ይቺ ሴት፣ አንዲት ፍሬ ግብጻዊት አሠልጣኝ «እጅ ወደ ላይ፣ አሁን ተንፍሺ፣ ጎበዝ» ስላለቻት እሺ ብላ የምትተነፍስ የመሰለው ሰው ካለ ማማ ኑሪያን አያውቃትም። የገዛ ልጇ ማዳም ደላልም አታውቃትም ነበር ማለት ነው፤ አሠልጣኟን የቀጠረችው እሷው ናት።

ነገሩ የመጣው ከሐኪም ነው። የአሮጊቷ ደም ግፊት አልወርድ ሲል፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ ኪኒን እየዋጠችም አልረግብ ሲል፣ ሐኪሙ ኪኒን ብቻውን አይበቃም አለ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ቢለምዱ፣ ላስቲክ ቢስቡ፣ ትንንሽ ክብደት ቢያነሡ፣ ከወንበር ብድግ ቁጭ ቢሉ፣ ቀስ በቀስ ግፊቱም ይረግባል፣ ጉልበቱም ይጠናል አለ። እውነቱን ነው፤ የተናገረው ሁሉ ደርሷል፤ የደረሰው ግን ባላሰበው ሰው ላይ ነው።

ደላል ባለትዳር ናት፤ ቤቷ ሌላ ሰፈር፣ ደስማ ነው፤ ቀን ቀን መሥሪያ ቤት ናት። ለእናቷ ከጊዜ በቀር የማትሰጠው ነገር የለም። ቀይና አረንጓዴ ላስቲኮች ገዛች። ጥንድ ጥንድ የሆኑ ትንንሽ ብረቶች ገዛች። ክንድ ላይ ታስሮ ግፊት ለክቶ ቁጥሩን ቀጥታ ወደ እሷ ስልክ የሚልክ መሣሪያ ገዛች። ግብጻዊቷ በሁለተኛ ቀኗ «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ? በቤቴ አንቺ ማነሽ?» ተብላ በምርኩዝ ከተባረረች በኋላ ደግሞ ሳሎኑ ጥግ ላይ ካሜራ አስተከለች። «ማማ፣ ብቻሽን ትሠሪያለሽ፤ እኔ ከቢሮ አይሻለሁ» ብላ ግንባሯን ስማ ሄደች።

አሠልጣኟ ስትባረር የሳቀችው ዘሊካ ናት፤ እሷም ማድቤት ገብታ በሩን ዘግታ። ዘሊካ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ የደጋን ልጅ፣ የወሎ። ልጅ ስላችሁ በዕድሜ አይደለም። ሃምሳን ተሻግራለች፤ ፓስፖርቷ ግን ገና አርባ ሦስት ነው ይላል፤ ፓስፖርት ምን ያፍራል። በዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ የማማን ጀርባ ታሻለች፣ ጥፍሯን ትቆርጣለች፣ ወሬዋን ትሰማለች። ወንዶቹ ልጆች ጁምዓ ጁምዓ ብቅ ብለው ይሄዳሉ፤ ሌላውን ቀን ሁሉ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ናቸው። የሚነጋገሩት በዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛ ደግሞ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም። መጀመሪያ ሰሞን አሮጊትን «አንቺ» ማለት የዘሊካን ምላስ ያስረው ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች።

በዚያ ሰሞን ዘሊካ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አገሯ መግባት። ልጇ ሙንተሀ አርግዛለች፤ በኩሯ ነው። በኩር ደግሞ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ወሩ ሲገባ ልጅቱ ከባሏ ቤት ወጥታ እናቷ ዘንድ ትገባለች፤ እናት ታዋልዳለች፣ እናት ገንፎ ታገነፋለች፣ አራሷ እስክትጠና እናት ከአጠገቧ አትነሣም። እናት የሞተባት ካልሆነች በቀር አማቷ ቤት የምትወልድ የለችም። ዘሊካ ሙንተሀን ለእህቷ ትታ ስትወጣ ልጅቱ ገና ትምህርት ቤት ነበረች። ኒካዋ ሲታሰር ዘሊካ ያየችው በስልክ ነው፤ ያውም መስመሩ ተቆርጦ፣ ሙሽራዋን አፏን እንደከፈተች ደርቃ ነው ያየቻት። ሙንተሀ ያንን አልረሳችም።

«ሰርጌን በስልክ አየሽ፤ እሺ አልኩ» አለቻት። «ገንፎ ግን በስልክ አይገነፋም፣ እማ።»

ዘሊካም ከዒድ በኋላ እገባለሁ ብላ ማለች። መማሉስ ማለች፤ ፓስፖርቷ ግን ደላል መሳቢያ ውስጥ ነው። ከፊሏ፣ ዋስ ሆና ያስመጣቻት አሠሪዋ፣ ደላል ናት፤ ካልለቀቀች የለም። ሁለት ጊዜ ጠይቃታለች። ሁለት ጊዜም «ማማን የሚይዝ ሌላ ሰው እስካገኝ ታገሺኝ» ተብላለች፤ የሚፈለግ ሰው ግን አልነበረም። ደላል በዚህ ዓለም የምትሰማው አንድ ሰው ቢኖር እናቷን ነው። ይኼን ዘሊካ ታውቃለች፤ ማማ ኑሪያም ታውቃለች።

እናላችሁ፣ ካሜራው በተተከለ ማግሥት ማማ ኑሪያ ዘሊካን ካሜራ ወደሌለበት መኝታ ቤት ጠራቻት።

«ላስቲኩን አንቺ ትስቢዋለሽ» አለቻት።

«እኔ?»

«ደራዓዬን ትለብሻለሽ፣ ሸይላዬን ትከናነቢያለሽ፣ ጀርባሽን ለካሜራው ሰጥተሽ ትቀመጫለሽ። አንቺም ወፍራም፣ እኔም ወፍራም። ከኋላ ማን ይለየናል?»

«ማዳም ብታውቅስ? አንገቴን ነው የምትቆርጠኝ!»

«ደላል የምታየው አንድ ሲኒ ሻይ እስክትጠጣ ነው። ደግሞ ስሚኝ፤ ከዒድ በኋላ አገርሽ እንድትገቢ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ወላሂ። ቃል ገብቼልሻለሁ።» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ለዚህ ቃል ዘሊካ ላስቲክ አይደለም ቪላውን ከነመሠረቱ ትስብ ነበር። ቃል የእምነት ዕዳ ነው ሲባል ነው ያደገችው። ያን ለት ማማ ኑሪያ ከልቧ እንደተናገረች እኔም አልጠራጠርም።

የክንዱንም ማሰሪያ ማማ ኑሪያ አትወደውም። ሲነፋ አጥንቷ ድረስ ያማታል። «ይኼንንም አንቺው እሰሪው» አለቻት፤ ዘሊካም አሰረችው። መሣሪያው ነፋ፣ ተነፈሰ፣ ቁጥር አወጣ፤ ወዲያው ስልክ ጮኸ። ደላል ናት።

«ማማ! ግፊትሽ ከድሮውም ብሷል! ጨው በላሽ?»

«ትናንት ማታ ማጅቡስ ቀመስኩ፤ እሱ ይሆናል» አለች ማማ ኑሪያ፣ ዓይኗን እንኳ ሳታሽ። ስልኩ ሲዘጋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዘሊካ አልሳቀችም።

«ይኼ ቁጥር የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ! የኔ ክንድ ነው እንዴ የታሰረው?»

ወይ ጉድ! ዘሊካ ደም ብዛት እንዳለባት ያወቀችው እንደዚህ ነው። ጠዋት ጠዋት ከማጅራቷ የሚነሣውን ራስ ምታት፣ ጆሮዋ ውስጥ የሚያፏጨውን ነገር፣ የእንቅልፍ ማጣት ነው ስትል ኖራለች። ደም ብዛት እሷ ቤት የሚገባ በሽታ አልመሰላትም፤ ተቀምጠው የሚበሉ ሰዎች በሽታ ነበር የሚመስላት። ፈራች። ለማን ትናገር? የታመመች ሠራተኛ ወደ መክተብ፣ ወደ ቀጣሪው ቢሮ፣ ትመለሳለች፤ ቢሮው ደግሞ አገርሽ ግቢ ሳይሆን ሌላ ቤት ግቢ ነው የሚላት። ሆድ ይፍጀው ብላ ላስቲኩን አነሣች።

እኔን የሚያናድደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ደስ የሚል መሆኑ። ጠዋት ዕቃ አጥባ ስትጨርስ የማማን ደራዓ ትለብሳለች፣ ለካሜራው ጀርባዋን ትሰጣለች፣ ላስቲኩን በእግሯ ረግጣ ትስባለች። ካሜራው ያያል እንጂ አይሰማም፤ ማማ ኑሪያ እሱ በማያያት ሶፋ ላይ ተንጋላ፣ ተምር እያላመጠች አሠልጣኝ ሆነች። «ትንፋሽሽን አትያዢ! ስትስቢ አውጪው አላለችም ግብጻዊቷ? ቀጥ በይ! አሁን ብድግ! እንደ አሮጊት አትነሽ!» ትላታለች። ዘሊካ ሳቋን ማፈን ያቅታትና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቢሮ ያለችው ደላል እናቴ እየተንቀጠቀጠች ነው ብላ ደውላም ታውቃለች።

ቀስ እያለ የዘሊካ ክንድ ጠና። ራስ ምታቷ እየሸሸ ሄደ፣ የጆሮዋም ፉጨት ጠፋ። የሩዝ ጆንያ ይዛ ደረጃ ስትወጣ ማረፍ ተወች። ማማን ከገንዳ ስታወጣት ወገቧን አያማትም። ቁጥሩም ወረደ፤ ከሳምንት ሳምንት እየወረደ የጎልማሳ ቁጥር ሆነ። ደላል በድምፅ ትልካለች፤ «ማማዬ፣ ኮራሁብሽ! የኔ ጎበዝ! ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አሳየኋቸው!» ማማ ኑሪያ ስልኩን ከፍ አድርጋ ታሰማለች። ዘሊካ ላቧን እየጠረገች ትሰማለች፤ ደስ ይላታል። ሞኝ አትበሏት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ጎበዝ ያላት ሰው አልነበረም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የሰው ግፊት ግን ማማ ኑሪያን አድምቋት ነበር።

ረመዳን ሊገባ ሰሞን ደላል እናቷን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ዘሊካ ቦርሳ ይዛ ተከተለች። ነርሷ የማማን ክንድ ለካች፤ እውነተኛውን ክንድ። ቁጥሩ ከፍ ያለ ነበር። ሐኪሙ ቅንድቡን ሰቀለ። ደላል ግን ስልኳን አወጣች፤ «እዚህ እይልኝ፤ የቤቱን እይልኝ» አለች። ሐኪሙ አየና ሳቀ።

«ይኼ የታወቀ ነው» አለ። «ነጭ ጋዋን ሲያዩ ግፊታቸው የሚወጣ ሰዎች አሉ። የሚታመነው እቤት ተረጋግተው የለኩት ነው። ማሻ አላህ፣ ሐጃ፣ እንቅስቃሴው ሠርቶልሻል! የማታውን ኪኒን እናቆመዋለን። በጾሙ ግፊትሽ ከዚህ በላይ ወርዶ እንዳትወድቂ።»

ዘሊካ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አፏ ተከፈተ። ማማ ኑሪያ ቀና ብላ አየቻት፤ ያ አስተያየት ዝም በይ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ዘሊካ አፏን ዘጋች።

ቤት እንደገቡ ግን አላስቻላትም። «ማማ፣ እንንገራት። ይኼ ቀልድ አይደለም። ኪኒኑ የተቆረጠው በኔ ደም ነው!»

«ተገላገልኩ በይኝ እንጂ! ያ ኪኒን ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ሲያመላልሰኝ ነው የኖረው።»

«እንዳትታመሚ...»

«ምንም አልሆንም። አንቺ አውሮፕላን ላይ ስትወጪ እኔው እነግራታለሁ፤ ትስቃለች። አሁን ብትናገሪ ግን ደላል በንዴት ነው የምትይዝሽ። ማን ይለቅሻል? ያኔ እኔስ ምን ብዬ አፌን እከፍትልሻለሁ?»

ይኼን ስትል ድምፅዋ የሚያስፈራራ አልነበረም፤ የሚያባብል ነበር። እሱ ነው የከፋው።

ዘሊካ ፈትያ ዘንድ ደወለች። ፈትያ ደስማ ደላል ቤት የምትሠራ የአገሯ ልጅ ናት፤ የሁለቱንም ቤት ምሥጢር ታውቃለች። ሁሉን ነገረቻት።

«ዝም በይ!» አለቻት ፈትያ። «ሐኪሙ አንቺ ነሽ? የተማረው ሰውዬ ደህና ናት ካለ ምን አገባሽ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ዘሊ። አንዴ ከተናገርሽ አትመልሺውም።»

«ብትሞትስ?»

«ሁሉም በአላህ ቀን ነው የሚሞት። ልጅሽ የምትወልደው ግን በወሯ ነው። አሮጊቷን ትወጃለሽ ወይስ ሙንተሀን?»

ዘሊካ ሁለቱንም ብትል ማን ይሰማታል? ፈትያ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ዝም አይነቅዝም ብላ የኖረች ሴት ናት፤ ዝምታዋም እስካሁን አኑሯታል።

ስለዚህ ዘሊካ ጨው መቀነስ ጀመረች። የማማን ሾርባ አልጫ አደረገችው፤ ማማ ኑሪያ ተሳድባ ራሷ ጨመረችበት። «እስቲ ላስቲኩን አንዴ አንቺም ሳቢው» ብላ ለመነቻት፤ ማማ ኑሪያ አንዴ ጎትታ «ኻላስ፣ ሠራሁ» ብላ ወረወረችው። ፊቷ አንዳንዴ ይቀላል። «ብርሃኑ በዛብኝ፣ መጋረጃ ዝጊ» ትላለች። ዘሊካ ይኼን ሁሉ ታያለች። አላየሁም ልትል አትችልም፣ አላለችምም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ጾሙ አጋማሹን ሲያልፍ፣ ማማ ኑሪያ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ዘሊካ መሣሪያውን ይዛ አጠገቧ ተንበረከከች። ዘዴው በራሷ የመጣላት ነው፤ አፌን አልከፍትም፣ ቁጥሩ ራሱ ይናገር። የአሮጊቷ ክንድ ላይ ብታስረው፣ ነፍቶ ቢልከው፣ ደላል ከቢሮ እየሮጠች ትመጣለች፤ ሐኪሙ ኪኒኑን ይመልሳል፤ ማንም ዘሊካ ተናገረች አይል። የእጅጌውን ጫፍ ሰበሰበች። ማሰሪያውን ከክንዷ ሥር አሳለፈች።

ስልኳ በጉያዋ ነዘረ። ሙንተሀ ናት። ፎቶ ልካለች፤ ሆዷ ተገፍቶ፣ ከኋላዋ የዘሊካ የገዛ ቤቷ፣ ደጋን ያለው ቤት፣ በሩ ተከፍቶ። በድምፅ ደግሞ፦ «እማ፣ ወሩ ገባ። ቤትሽን አስከፍቼ አስጠረግኩት፣ ፍራሹንም ፀሐይ አስመታሁት። ገብቻለሁ። አማቴ ደስ አላላትም፣ እናቴ ትመጣለች አልኳት። ነይ እንጂ!»

ዘሊካ ፎቶውን ለብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ማሰሪያውን ከማማ ኑሪያ ክንድ ሥር ቀስ ብላ ጎተተች፣ ጠቀለለች፣ ቦታው መለሰችው። ዒድ እስኪያልፍ ነው፣ ጥቂት ቀን ነው አለች ለራሷ። ያ ቀትር ዛሬም ያቃጥላታል።

ማማ ኑሪያ የወደቀችው ለዒድ ጥቂት ሲቀር ነው። አዛኑን እየጠበቁ ማዕዱ ፊት ተቀምጠዋል። ተምር በእጇ ይዛለች። አዛኑ ሲጀምር ተምሩ ከጣቷ ወደቀ። ዘሊካ አንሥታ ሰጠቻት፤ እንደገና ወደቀ። ቀና ስትል የአሮጊቷ አፍ ወደ አንድ ወገን ሄዷል። «ያ ረቢ! ማማ! ማማ!» ዘሊካ በሁለት ክንዷ አቅፋ ምንጣፉ ላይ አስተኛቻት፤ አምቡላንስ ጠራች፣ ደላልን ጠራች፣ ጎረቤት ጠራች። ልትጠራው የሚገባትን ሁሉ የጠራችው ያን ቀን ነው።

ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ደላል ስልኳን ለሐኪሞቹ ሁሉ ታሳያለች። «እንዴት ይሆናል? ይኼው ዛሬ ጠዋት! ይኼው ትናንት! ከኔ የተሻለ ግፊት ነበራት!» እያለች ታለቅሳለች። ሐኪሞቹም ግራ ገብቷቸው ይነጋገራሉ።

«የኔ ናቸው» አለች ዘሊካ።

«ምን?»

«ቁጥሮቹ። ማማ ክንዷን አታስርም ነበር። እኔ ነኝ። ላስቲኩንም የምስበው እኔ ነበርኩ፤ ልብሷን ለብሼ። አውፍ በይኝ፣ ማዳም።» እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችላት፤ ለምን እንደዘረጋችው እሷም አታውቅም።

ደላል ክንዱን አየችው። ዘሊካ ትመታኛለች ብላ ጠበቀች፤ ብትመታት ይሻላት ነበር። ደላል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ዒድ አለፈ። ማማ ኑሪያ አልሞተችም፤ ቤቷ ተመለሰች። ቀኝ ወገኗ ሙት ነው። ምላሷ ተሳስሯል፤ የሚወጣው ድምፅ ብቻ ነው። አእምሮዋ ግን አልተነካም፤ ሐኪሙም ብሏል፣ ዘሊካም ታውቃለች። ሰው ስታይ ትለያለች፣ ሲጠይቋት በራሷ አዎ ወይ አይ ትላለች፣ የማትወደው ምግብ ሲመጣ በግራ እጇ ትገፋለች። ዘሊካ ታነሣታለች፣ ታገላብጣታለች፣ ታጥባታለች። ነርስ መጥታ ነበር፤ ማማ ኑሪያ በዘሊካ ካልሆነ በማንም እጅ አልነሣ አለች።

ሙንተሀ በየቀኑ ትደውላለች። ወገቧን እያመማት ነው። በመጨረሻ ዘሊካ አላህን ተማጽና ደላል ፊት ቆመች።

«ማዳም፣ ጥፋቴን አውቃለሁ። ግን ማማ ከዒድ በኋላ አገርሽ ትገቢያለሽ ብላ ቃል ገብታልኝ ነበር። ያን ሁሉ ያደረግኩትም ለዚህ ነው። ልጄ ልትወልድ ነው። አራስ ቤቷን አይቼ፣ ከፈለግሽ እመለሳለሁ። ወላሂ እመለሳለሁ።»

«በክንድሽ ስትዋሺኝ ከርመሽ አሁን አፍሽን ልመነው?» አለች ደላል። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ከእናቷ መውደቅ ወዲህ እሷም አልተኛችም። ክፉ ሰው ናት ብል ደስ ባለኝ፤ ነገሩን ያቀልልኝ ነበር። ግን አይደለችም። «ነይ» አለቻት። «እናቴን እጠይቃታለሁ። አዎ ካለች ፓስፖርትሽ ነገ እጅሽ ላይ ነው። በአላህ ፊት እነግርሻለሁ።»

ዘሊካ ቀድማት ወደ በሩ ሄደች። አዎ ትላለቻ! ቃሏ ነዋ! ምላስ ባይኖራት ራስ አላት። አንድ ጊዜ ወደ ታች መነቅነቅ ነው፤ አለቀ።

ሁለቱም ገቡ። ደላል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የእናቷን ፀጉር ዳሰሰች። ዘሊካ በግራ በኩል ቆመች።

«ማማ፣ ትሰሚኛለሽ?»

ማማ ኑሪያ አዎ አለች በራሷ።

«ይቺ ዘሊካ፣ ከዒድ በኋላ አገርሽ ትገቢያለሽ ብላ ቃል ገብታልኛለች ትላለች። እውነት ነው? አዎ ካልሽ ነገውኑ እለቃታለሁ።»

ማማ ኑሪያ ዘሊካን አየቻት። ጥያቄው እንደገባት በዓይኗ ያስታውቃል። ግራ እጇ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥታ የዘሊካን አንጓ ያዘች፤ አጥብቃ ነው የያዘቻት። ከዚያ ራሷን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አወዛወዘች። አይ።

«ቃል አልገባሽላትም?»

አይ።

«ማማ!» አለች ዘሊካ። «ማማ ኑሪያ! አላህ አለ! ደረትሽን ይዘሽ አልማልሽልኝም? እዚሁ ክፍል!»

ከአሮጊቷ ዓይን እንባ ወረደ፤ ከግራውም ከቀኙም ወረደ። እጇን ግን አልፈታችም። ራሷንም እንደገና አወዛወዘች። ፈርታለች። ማንም ሳይነግረኝ ይገባኛል፤ ዘሊካ ሄዳ እሷ በማያውቋት እጆች ስትገላበጥ ታይቷታል። ቢገባኝም አልምራትም።

ደላል ብድግ አለች። «አየሽ?» አለቻት ዘሊካን። እንደ ንዴትም፣ እንደ እፎይታም ያለ ነገር ነበረበት። «በታመመች ሴት ላይ ትዋሻለሽ። ሌላ ከፊል ቢሆን ፖሊስ ነበር የሚጠራብሽ። እናቴ አንቺን ስለምትፈልግ ብቻ ነው ዝም የምልሽ።» በሩን ገርበብ አድርጋ ሄደች።

ዘሊካ እጇን ከአሮጊቷ መዳፍ ፈልቅቃ አወጣች። የምትላት ብዙ ነበር፤ በዐረብኛ ግን አንድም ቃል አልመጣላት አለ። በአማርኛ ተናገረች። «እኔም በቀትሩ ትቼሽ ነበር፤ አንቺም ተውሽኝ፤ ተካክለናል። ግን ልጄ ምን አደረገችሽ?» አለቻት። ማማ ኑሪያ ቋንቋውን አትሰማም፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ሙንተሀ በማግሥቱ ጠዋት ደወለች።

«እማ፣ በረራሽ መቼ ነው? አክስቴ ኮምቦልቻ ድረስ መጥታ ትቀበልሽ?»

«አልመጣም፣ ልጄ።»

«ዘገየ ወይስ...»

«አለቀቁኝም።»

ዘሊካ ከስልኩ ወዲያ የልጅቷን ትንፋሽ ትሰማለች፤ ከባድ ነው፣ የወላድ ትንፋሽ ነው። ስታለቅስ ብትሰማት ምን እንደምትላት አስባ ነበር። ሙንተሀ ግን አላለቀሰችም።

«እንግዲህ አማቴ ዘንድ ልመለስ» አለች። «ቤቱን ልዝጋው?»

«ዝጊው» አለች ዘሊካ። «ቁልፉን ለአክስትሽ ስጫት።»